ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ሲል ለምን ሰማያዊ ይሆናል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ የያዝነው ቀኑን ሙሉ ደህና የሚውል ላፕቶፕ ነው። ጥፋ ሲሉት ግን ያብዳል። ሻት ዳውን ትሉታላችሁ፣ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል... ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን፦ «ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር»።

ምን ማለት ነው? ሠርግ አስቡ። ግብዣው አልቋል። ሙሽሮቹ ሄደዋል፤ የእድር ልጆች ድንኳኑን ሊነቅሉ መጥተዋል። ወንበሩ ሁሉ ተሰብስቧል፣ አንድ ሲቀር። እሱ ላይ አንድ አጎት ተቀምጠዋል። «ጋሼ፣ ድንኳኑ ሊነቀል ነው።» «እሺ ልጄ፣ ይቺን ብርሌ ልጨርስ።» ይጠብቃሉ። «ጋሼ?» «እሺ አልኩህ እኮ!» ብርሌዋ አታልቅም። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ይመራቸውና ድንኳኑን እላያቸው ላይ ይለቁታል። ሰማያዊው ስክሪን ያ ነው። (ቤተሰቤ ውስጥ እንዲህ ያለ አጎት የለም የሚል ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍ። አላምነውም።)

ዊንዶውስ የእድሩ ልጅ ነው። ጋሼ ደግሞ «ኃይል ልቀንስ ነው» ሲባል እሺ ብሎ ያልጨረሰ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም) ነው፤ የዋይፋይ፣ የግራፊክስ ወይም የዩኤስቢ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሁሌ የምትጽፉልኝ ነገር። «ሪስታርት አታድርግ፣ ሻት ዳውን አድርገህ አብራው፣ የበለጠ ያጸዳል።» ቆይ ቆይ! በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። እሱ ከበራ ሻት ዳውን ስትሉ ፕሮግራሞቻችሁ ይዘጋሉ እንጂ የሲስተሙ ልብ ዲስክ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ነገ እሱኑ መልሶ ያነሳል፣ ድራይቨሮቹንም ጭምር። ሪስታርት ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው! ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ከፈለጋችሁ ሺፍትን ተጭናችሁ ሻት ዳውን በሉ። እንደዚያ ሲጠፋ ሰላም ከሆነ ፋስት ስታርትአፕን ከፓወር ኦፕሽንስ አጥፉትና እዩ።

«አጠፋሁት፣ ራሱ በራ» የምትሉም አላችሁ። ምናልባት ክራሽ አድርጎ፣ ማለትም ሰማያዊው ስክሪን መጥቶ ሳታዩት ራሱን ሪስታርት አድርጎ ነው። «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» የሚባለው የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት አንሱት፤ ስክሪኑ ቆሞ ይነበባል።

ጥፋተኛውን ድራይቨር ለመያዝ ደግሞ፣ ቶሎ ቶሎ፦ የተሰካ ዩኤስቢ ንቀሉ። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ሚኒደምፕ የሚለውን ፎልደር ክፈቱ፤ ዊንዶውስ ክራሽ ሲያደርግ የጻፈው ፋይል እዚያ ነው። ፋይሉን በዊንዲቢጂ (WinDbg፣ የማይክሮሶፍት የስህተት መመርመሪያ ፕሮግራም) ክፈቱ፣ ነጻ ነው። አናላይዝ (!analyze -v) በሉት። ብዙ ጊዜ በነጥብ ሲስ (.sys) የሚያልቅ የድራይቨር ፋይል ስም ያወጣል። የማን ድራይቨር እንደሆነ ፈልጉ። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አዲሱን ጫኑ፤ ችግሩ ከአፕዴት በኋላ ከመጣ ደግሞ ዲቫይስ ማናጀር ገብታችሁ ሮል ባክ፣ ማለትም ወደ ቀድሞው ድራይቨር መልሱት።

«ድራይቨር አፕዴተር» የሚባሉትን አፖች ግን እባካችሁ ተዉ። የወጣው ስም ግራ ካጋባችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም... አያችሁ፣ አልረሳሁም።