ባዶ ያልኩት ሐይቅ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ የምቀዳው ጅማ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ላውራችሁ። ከአጎቴ ልጅ ጋር ባሌ ተራሮች ወጥተን ነበር። እዚያ ገርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ። በኦሮምኛ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ነው። የጥንት በረዶ ቦርቡሮት የሄደ ጎድጓዳ ውስጥ፣ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቷል። የአጎቴ ልጅ ዳሩ ላይ ቆመና «ይሄ ሁሉ ውሃ ባዶውን! ዓሣ ቢጨመርበት እኮ ስንቱን ያበላ ነበር» አለ። እኔም «እውነትክን ነው» አልኩት። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እንዲያ ማለት አልነበረብኝም።

እዚሁ ቦዬ ረግረግ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ውሃ እንቀዳለን። ልጅ ሳለሁ እናቴ የወንዝ ውሃ በነጠላ ታጠልል ነበር። ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ የሚያዙበት መረብም ያው ነው፤ የጨርቁ ቀዳዳ ብቻ በጣም የጠበበ ነው። እናቴ ከላይ የቀረውን ትደፋዋለች፤ እኛ ግን የምንፈልገው እሱን ነው። ጠብታውን ማይክሮስኮፕ ስር ስታደርጉት ዲያቶም የሚባል ደቃቅ አልጌ ታያላችሁ፤ ቅርፊቱን የሚሠራው መስታወት ከሚሠራበት ከሲሊካ ነው። ሮቲፈር የሚባል ደቃቅ እንስሳም ታያላችሁ፤ አፉ ዙሪያ ያሉት ፀጉሮች ሲርገበገቡ ጎማ የሚሽከረከር ይመስላል።

ተራራ ላይ ሲወጣ የዓይነታቸው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። እኔን የሚገርመኝ ግን የቀሩት ናቸው። ሌሊት ይበርዳል፣ ቀን ፀሐዩ ይለበልባል። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ጎጂው ጨረር ጠልቆ ይገባል። ጥላ የለም። ስለዚህ ኮፔፖድ የምትባለው ትንሽ እንስሳ ከምትበላው አልጌ ቀይ ቀለም ታጠራቅማለች፤ ከካሮት ቀለም ጋር አንድ ወገን ነው። ጨረሩን የምትቋቋመው በዚያ ነው። በአንዳንድ የተራራ ሐይቆች ዳፍንያ የምትባለው ሌላዋ ትንሽ የውሃ እንስሳ ደግሞ ትጠቁራለች።

አሁን ዓሣ ጨምሩበት። ዓሣ በዓይኑ ነው የሚያድነው፤ የቀላውና የጠቆረው ቀድሞ ይታየዋል። ከፀሐይ ያዳናት ቀለም ለዓሣ አሳልፎ ይሰጣታል። ዓሣ ባልነበረባቸው የተራራ ሐይቆች ዓሣ ሲለቀቅ ትልልቆቹ ፕላንክተኖች የጠፉት ለዚህ ነው።

ዳፍንያ ክፉ ቀን ሲመጣባት ጠንካራ ሽፋን ያለው እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ጭቃ ውስጥ አሥርት ዓመታት ተኝቶ ሊፈለፈል ይችላል። በወፍ እግር ተጣብቆ ሌላ ሐይቅም ይሄዳል። የገርባ ጉራቻ ጭቃ ራሱ 16 ሺህ ዓመት ገደማ ሲደራረብ የኖረ ነው። ይህን ሳስብ ያንን «እውነትክን ነው» ያልኩትን መልሼ ብውጠው ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ጅማ መጣ። ቡና ጠጣን፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ወሰድኩትና የቦዬን ጠብታ አሳየሁት። ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ እንደደቀነ ብዙ ቆየ። እኔም ዝም አልኩ። ቀና ሳይል «ያኛውም ላይ እንዲህ አሉ?» አለኝ።

«አሉ» አልኩት።