ደሴ ላይ ፎቶ መማር፦ ጉም፣ ነጠላ እና ሰማያዊ ሸራ

[ምስል፦ ሐምሌ፣ ማለዳ። ደሴ በጉም ተሸፍና፣ የጦሳ ተራራ ግማሹ ብቻ ይታያል።]

ሐምሌ ላይ ደሴ ቆማችሁ ጉሙን ስታዩት ነጭ ነው። ፎቶ ስታነሱት ግን አመድ መስሎ ይወጣል። ስልካችሁ ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ውዱም ካሜራ እንዲሁ ያደርጋል።

ለምን? ካሜራው ፊቱ ያለው ጉም ይሁን ግድግዳ አያውቅም። የሚለካው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። እና አንድ ግምት ይዞ ይነሳል፦ «ፊቴ ያለው ነገር ሁሉ ተደባልቆ ሲታይ መካከለኛ ግራጫ ነው» ይላል። ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። ጥቁር ሲበዛበት ደግሞ ያነጣል። አዳዲስ ስልኮች የሚያዩትን ነገር ለመለየት ይሞክራሉ፤ ያም ሆኖ በደሴ ጉም ብዙ ጊዜ ይሸወዳሉ።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን። ጣት ነካ አድርጎ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ሲስብ።]

መፍትሔው ቀላል ነው። ስልክ ከሆነ ስክሪኑን ነካ አድርጉና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ሳቧት። ካሜራ ከሆነ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጉ። መደመር 1 ስትሉት ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። ለጉም እሱ ጥሩ መነሻ ነው።

ይህን ከተረዳችሁ ሌላ ነገርም አብሮ ይገባችኋል። ነጭ ነጠላ የለበሱ ጠይም እናት ስታነሱ ፊታቸው ለምን ይጠቁራል? ያው ነው። ነጠላው ብዙውን ቦታ ይዞታል፤ ካሜራው እሱን ግራጫ ለማድረግ ሲታገል ፊታቸውን አብሮ ያጨልመዋል። እዚህ ላይ ትኩረቱንም ብርሃኑንም ፊታቸው ላይ አድርጉ፤ ጣታችሁን እዚያው ላይ አሳርፉ። የነጠላው ጥበብ ትንሽ ቢነጣ ምንም አይደለም። እኔ በበኩሌ ከጥበቡ ይልቅ ፊቱን እመርጣለሁ። ጥበቡን ለብቻው ማንሳት ይቻላል።

[ምስል፦ አንድ የደሴ ቁልቁለት፤ ያው ቦታ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ።]

አሁን ወደ ልምምዱ። ጀማሪ የሆነ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ አዲስ ነገር ማንሳት ያምረዋል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ከቤታችሁ በእግር የሚደረስ አንድ ቦታ ምረጡ። ፒያሳ ይሁን፣ ሰኞ ገበያ ይሁን፣ የሰፈራችሁ ቁልቁለት ይሁን ግድ የለም። ደጋግማችሁ ሂዱና በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ዛሬ ሰዓቱን፣ ሌላ ቀን የቆማችሁበትን ጎን፣ ከዚያ የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን የጊዜ ርዝመት። ሦስቱንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ ፎቶው ቢያምርም ያሳመረውን ነገር አታውቁትም።

ደሴ ለዚህ ምቹ ናት። ጦሳ በምዕራብ በኩል ስላለ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ተራራው ይጋርዳታል። ከተማው ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ሰማዩ ግን ብሩህ እንደሆነ ይቆያል። ያ ብርሃን ለሰው ፊት የሚገርም ነው። ጥላው አይቆርጥም፣ ዓይን አያስጨፍንም። ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት «ፀሐይ ሄደ» ብሎ ካሜራውን ይከታል። እናንተ ያኔ አውጡት።

ቀትር ላይስ? ወሎ ከምድር ወገብ ብዙም አይርቅም። በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥላ ይወርዳል። ሰው ለማንሳት ደጃፍ ወይም በረንዳ ፈልጉ። ሰውየው ጥላው ውስጥ፣ ከጠርዙ አጠገብ ይቁምና ፊቱን ወደ ውጭ ያዙር።

ይህ ሕግ የሚሻርበት ቦታ ደግሞ እዚሁ ወሎ አለ። ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስ። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ጣሪያው ሲያበራ ግድግዳው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ብርሃን እስከ ታች የሚወርደው ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነው። ወይም ደመናማ ቀን ጠብቁ።

[ምስል፦ የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ከመኪና መስኮት። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ የባቲ ገበያ።]

ለአንድ ቀን ከደሴ መውጣት ከቻላችሁ ሰኞን ምረጡ። ሰኞ ባቲ ገበያ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ገደማ፣ ባቲ ደግሞ 1,500 ገደማ ነው። ጠዋት ጃኬት ለብሳችሁ በጉም ትነሱና ረፋድ ላይ ጠራራ ፀሐይ ውስጥ ትገባላችሁ። በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ብርሃን ማለት ነው።

ጠራራው ላይ አንድ የቆየ ሕግ ሞክሩ። ካሜራውን ማንዋል (ሁሉንም እናንተ የምትወስኑበት) ላይ አድርጉ፤ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 16፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር 1/125 ሰከንድ። መለኪያውን ሳታዩ አንሱ። ይሠራል። ፊልም በነበረበት ዘመን ብዙ ሰው በዚህ ነበር የሚያነሳው። የሚንቀሳቀስ ግመል ከሆነ ግን 1/500 ያስፈልጋችኋል። ያኔ ሹተሩ የቀነሰውን ብርሃን አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ከፍታችሁ ትመልሱታላችሁ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የስልክ አፐርቸር አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም፤ ስለዚህ ስልክ የያዘ ሰው በሹተርና በአይኤስኦ ብቻ ይጫወት። የስልኩ ካሜራ ውስጥ «ፕሮ» የሚል ምርጫ ካለ እዚያ ታገኟቸዋላችሁ።

[ምስል፦ በሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠች ነጋዴ። ፊቷ ሰማያዊ ሆኖ።]

ገበያ ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ሸራው ነው። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል። ቢጫ ከሆነ ቢጫ። ዓይናችን ይህን እያስተካከለ ስለሚያይ እዚያው ቆመን ልብ አንለውም። ኋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) መቀየር ይረዳል፣ ግን ግማሽ ፊት በሸራው ግማሹ በፀሐይ ከበራ የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም። ያለው አማራጭ መንቀሳቀስ ነው። እናንተ ዙሩ፣ ወይም ሰውየውን አስፈቅዳችሁ ትንሽ ወደ ጠርዝ እንዲጠጋ ጠይቁ።

መጠየቅ ካልኩ አይቀር፦ ባቲ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ገበያ ነው፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ። «አሰላሙ አለይኩም» ወይም «እንደምን ዋላችሁ» ይቅደም። ከዚያ «አባባ፣ አንድ ፎቶ ባነሳዎት ይፈቅዱልኛል?» እምቢ ካሉ «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ ማለፍ ነው። በትልቅ ሌንስ ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት አልወድም። የተሰረቀ ፎቶ ያስታውቃል። ኬላ፣ ካምፕና ወታደር ባለበት ደግሞ ካሜራው ከቦርሳ አይውጣ።

[ምስል፦ ሐይቅ፣ ጠዋት። ካሜራው ከቁመት ልክ ወደ ውኃው ጠርዝ ሲወርድ፣ ነጸብራቁ ሲጎላ።]

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ሐይቅን ታገኛላችሁ። እዚያ አንድ ሙከራ ብቻ አድርጉ። ንፋስ ሳይነሳ፣ በጠዋት፣ ቆማችሁ አንድ አንሱ። ከዚያ ቁጢጥ ብላችሁ ካሜራውን ውኃው አጠገብ አውርዱትና ድገሙት። ሁለተኛው ላይ የተራራው ነጸብራቅ በጣም ይጎላል። ውኃን ከላይ ወደ ታች ስታዩት ብርሃኑን ያሳልፈዋል፤ ዝቅ ብላችሁ በአግድም ስታዩት ይመልሰዋል። በነገራችን ላይ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ሴቶች አይገቡም። ካሜራ የያዛችሁ እህቶች ለዳርቻው ተዘጋጁ፤ ለነጸብራቅ የሚሻለውም እሱ ነው።

[ምስል፦ የፎቶ ዝርዝር መረጃ በስልክ ላይ ተከፍቶ።]

ቤት ስትገቡ የተበላሹትን ቶሎ አታጥፏቸው። እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳበትን ሹተር፣ አይኤስኦ እና ሰዓት በውስጡ ይዟል። በብዙ ስልኮች ፎቶውን ከፍታችሁ ወደ ላይ ስትስቡት ይወጣል። ብዥ ያለ ፎቶ ላይ 1/15 ካያችሁ እጃችሁ ተንቀጥቅጧል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግድግዳ ተደገፉ ወይም አይኤስኦውን ጨምሩ። 1/500 ሆኖ ብዥ ካለ ግን እጃችሁን ተዉት። ፎከሱ ሌላ ቦታ ላይ አርፏል። ፎቶውን አጉሉና ጥርት ብሎ የወጣውን ነገር ፈልጉት፤ ብዙውን ጊዜ ከሰውየው ጀርባ ያለው ጆንያ ነው።