የመብራቱ ጎን ቅጠሎች

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ትልልቁ ጉዳይ ከኔ በፊት የነበሩት ተናግረዋል። ለኔ የተሰጠኝ 10 ደቂቃ ነው። በ10 ደቂቃ ዓለምን ማስተካከል አይቻልም፤ ስለዚህ ስለ ቅጠል ላወራችሁ ነው።

መጀመሪያ ግን ስሙን እናጥራ። በአማርኛ «መጸው» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን አበባ ነው። ዛሬ የማወራው በጋው አልፎ፣ ብርዱ ገና ሳይጠና፣ ዛፍ ቅጠሉን ስለሚያረግፍበት ጊዜ ነው። አንዱ በልግ ይለዋል፣ ሌላው መኸር፣ ሌላው መጸው። እኔ መጸው ብያለሁ። የምትቃወሙ ሻይ ሰዓት ላይ አግኙኝ።

እውነቴን ልንገራችሁ፣ ይህን ወቅት አልወደውም ነበር። ቀኑ ያጥራል፣ ጫማ ይበሰብሳል፣ ጃንጥላ ይጠፋል። አውቶቡስ ላይ የረሳኋቸው ጃንጥላዎች ቢሰበሰቡ ሱቅ ያስከፍታሉ። ደግሞ ወቅት የሚባለው ነገር የገጠር ነው ብዬ አምን ነበር። ከተማ ውስጥ ምን ወቅት አለ? አስፋልቱ ያው አስፋልት፣ ሕንፃው ያው ሕንፃ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ዛፍ ነው።

ዛፉ ያለው ፌርማታዬ አጠገብ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሥሩ ቆሜ ስልኬን ስነካካ አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። አንድ ጠዋት አውቶቡሱ ዘገየ። የስልኬ ባትሪም አለቀ። ምን ላድርግ? ቀና አልኩ። ዛፉ በአንድ በኩል ራቁቱን ቀርቷል፣ በሌላው በኩል ግን ለምለም ነው። ፀጉሩን እየተቆረጠ መብራት የጠፋበት ሰው ይመስላል። ታሞ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። በማግስቱም ያው ነው፤ በሳምንቱም ያው። አንድ ቀን አምሽቼ ስመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። ለምለሙ ጎን የመንገዱ መብራት የሚያርፍበት ጎን ነው።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የቆየ ወሬ ነው! የመንገድ መብራት አጠገብ ያሉ ዛፎች ቅጠላቸውን ዘግይተው እንደሚጥሉ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1936 ታትሟል። ዛፍ ብርድ እየመጣ መሆኑን ከሚያውቅባቸው ዋና ምልክቶች አንዱ የሌሊቱ መርዘም ነው። መብራቱ ሥር ያለው ቅርንጫፍ ግን ሌሊት የሚባል ነገር አያውቅም። በጋው ያላለቀ ይመስለዋል። አንድ ግንድ ላይ ሆነው አንዱ ጎን ተኝቷል፣ ሌላው ያመሻል። ከተሜ ማለት ይኼ አይደል?

ከዚያ ወዲያ ከተማ ወቅት የለውም ማለቴን ተውኩ። እንዲያውም ይህን ነገር ጫካ ውስጥ ብፈልገው አላገኘውም ነበር። እዚህ ግን በየፌርማታው ቆሞ ይጠብቀኛል። ለማየትም ፈቃድ መውሰድ፣ ቲኬት መቁረጥ የለም። ወደ ሥራ ስሄድ ነው የማየው፣ ከሥራ ስመለስ ነው የማየው።

አንዴ ማንበብ ከጀመርኩ አላቆምኩም። ቢጫው ቀለም ለምሳሌ አዲስ አይደለም። በጋውን ሙሉ ቅጠሉ ውስጥ ነበረ። ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ስለሚበዛ ይሸፍነዋል እንጂ። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ይተዋል፣ የነበረውም ይፈርሳል። ያኔ ካሮቲኖይድ የሚባለው ቢጫ ብቅ ይላል። ቀዩ ግን ሌላ ነው። አንቶሳያኒን ይባላል፤ በብዙ ዛፎች በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አዲስ የሚሠራ ቀለም ነው። ሊጥሉት ላለ ቅጠል አዲስ ቀለም! ለምን እንደሆነ አዋቂዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የተስማሙበት ነገር ቢኖር ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ሳይጥል ቀዝቃዛ ሲሆን ቀዩ ይበልጥ እንደሚደምቅ ነው። ጠዋት ጆሯችሁን ብርድ ከቆነጠጠው፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ ከወጣች፣ ሰሞኑን ጥሩ ቀይ ይኖራል ማለት ነው።

ቅጠሉንም ነፋስ የሚነጥቀው ይመስለኝ ነበር። ነፋሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዛፉ አስቀድሞ በቅጠሉ ዘንግና በቅርንጫፉ መካከል የሚለያይ ስስ ክፍል ያበጃል። ከቅጠሉ ውስጥ ናይትሮጅኑንና ሌላውንም የሚጠቅመውን ነገር የቻለውን ያህል መልሶ ይወስዳል። ከዚያ ይለቀዋል። ቤት ሲለቅ አምፖሉን ሳይቀር ነቅሎ እንደሚሄድ ተከራይ ማለት ነው።

የረገፈው ቅጠል ላይ መሄድ እወዳለሁ። ደረቅ ከሆነ ብቻ! ያ ኮሽ፣ ኮሽ የሚለው ነገር፣ ዕድሜዬን ለጊዜው ይቀንስልኛል። ሰው እያየኝ ከሆነ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ሰው ከሌለ በጫማዬ እየገፋሁ ነው የምሄደው። እርጥቡ ግን ከሳሙና አይለይም። ባለፈው ዓመት ፌርማታው ሙሉ ሰው እያየኝ ተንሸራትቼ በቂጤ ተቀምጫለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያየኝ ካለ ዝም ይበልልኝ።

ደግሞ ይህ ሁሉ ለኔ ደስታ፣ ለሌላው ሥራ ነው። የሰፈራችንን መንገድ የሚጠርጉትን እናት አንድ ጠዋት «ደስ ይላል አይደል?» አልኳቸው። መጥረጊያቸውን ተደግፈው አዩኝ። «ሲደርቅ ነፋስ ይበትንብኛል፣ ሲረጥብ ይከብደኛል፤ ለአንተ ደስ ይበልህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው የከመሩትን ክምር በእግሬ አልነካም። ካልተጠረገው በኩል ዞሬ ነው የምጫወተው።

ስለ ብርሃኑም ትንሽ ልበል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ላለን በዚህ ወቅት ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ነው። በስተደቡብ ላሉት መጸው የሚመጣው በሌላው የዓመቱ ግማሽ ስለሆነ በመጋቢት ሁለተኛው ሳምንት ነው። በዚያ ሰሞን ቀኑ የሚያጥረው ከሌላው ጊዜ ሁሉ በፈጠነ ሁኔታ ነው። «ትናንት በዚህ ሰዓት ብርሃን አልነበረም እንዴ?» የምንለው ለዚህ ነው። ፀሐይዋ ግን ስትሄድ ባዶ እጇን አትሄድም። ቀትር ላይ እንኳ እንደ በጋው አናታችን ላይ አትወጣም፣ ዝቅ ብላ በጎን ነው የምታበራው። ስለዚህ በመስኮት ሲገባ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ቤቴ ውስጥ በጋውን ሙሉ ፀሐይ የማይነካው ግድግዳ አለ። በዚህ ወቅት፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ብርሃኑ እስከዚያ ይደርሳል። ቅዳሜና እሁድ ሻዬን ይዤ ወንበሬን ወደዚያ አዞራለሁ። አቧራውም አብሮ ይታያል፤ እሱን አላየሁም እላለሁ።

ማታ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በበጋ ከሥራ ስንመለስ ገና ብርሃን ነው፤ የሰው መስኮት ጥቁር ነው፣ ምንም አያሳይም። አሁን ግን ጨለማው ይቀድመናል። ሰው መብራቱን ያበራል፣ መጋረጃውን ግን ገና አልዘጋም። በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ መንገዱ በሙሉ ቤት ይሆናል። አንዱ ጋ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የቤት ሥራ ይሠራል። አንዱ ጋ ሰውዬው ማሰሮ እያማሰለ ብቻውን ይዘፍናል። የሰው ቤት አጮልቆ ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ቆሜ አላይም። እየሄድኩ ነው፤ አይኔ ካረፈ ምን ላድርግ?

ሽታውን አልረሳሁትም። ከደረቅ ቀናት በኋላ ካፊያ ሲነካው ከመሬት የሚነሳው ሽታ አለ። በውስጡ ጂኦስሚን የሚባል ነገር አለበት፤ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው። የሰው አፍንጫ እጅግ በጣም ጥቂት ሲሆን እንኳ ይለየዋል። አስፋልቱ መሀል ለዛፉ የተተወችው ያቺ የምንጣፍ ታህል አፈር ትበቃለች። የአውቶቡሱ ጭስ እያለ እንኳ ይሸታል።

ከሁሉም የምወደውን ግን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ፤ ካፖርት። የመጀመሪያው ከባድ ብርድ ሲመጣ ካፖርቴን ከቁም ሣጥን አወጣና እጄን ኪሱ ውስጥ እከታለሁ። አምና የቀረ ነገር ሁሌም አለ። አንድ ዓመት የታጠፈ ገንዘብ አገኘሁ፤ የራሴ ገንዘብ ነው፣ ግን እንደ ሎተሪ ነው የቆጠርኩት። አንድ ዓመት ደግሞ ነጠላ ጓንት፣ ጓደኛው የጠፋ። ዘንድሮ ያገኘሁት ቅጠል ነው። ደርቆ ተሰባብሯል፤ ግማሹ ዱቄት ሆኗል። መቼ እንደከተትኩት አላስታውስም። ከዚያው ከፌርማታው ዛፍ ይሁን ከሌላ፣ አላወቅኩም። አልጣልኩትም፤ እዚያው መልሼዋለሁ።

ዛሬ ወደዚህ ስመጣ ዛፌን አየሁት። በጨለማው ጎን አንድም ቅጠል የለም። በመብራቱ ጎን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ቀርተዋል። አውቶቡሱ መጣ እንጂ ደግሜ ልቆጥር ነበር።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ መሰለኝ፤ መድረክ መሪው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ስትወጡ ካፖርታችሁን ታነሳላችሁና ኪሱን ፈትሹ። ደረጃው ላይ እርጥብ ቅጠል አለ፣ ተጠንቀቁ።

አመሰግናለሁ።