ሁለተኛው ቀስት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የማወራችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ጋቢዬን ደርቤ ተቀምጫለሁ።

ዛሬ ስለ ቡድሃ ትምህርት ነው። እኔ ሃይማኖቴን ይዤ ነው የማነበው። ደግሞም ለአገራችን ያን ያህል ባዕድ አይደለም። የደብረ ሊባኖስ አበምኔት የነበሩት አባ እንባቆም በፈረንጆቹ 1553 «በራላም ወየዋሴፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል። መጽሐፉ የሚተርከው፣ ዓለምን ንቆ የመነነው ልዑል ታሪክ፣ ሥሩ የሲድሃርታ ጎታማ፣ ማለትም የቡድሃው ታሪክ ነው። ከአገር አገር ሲዞር ክርስቲያናዊ መልክ ይዞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። እኔን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ወደ ቀስቶቹ ልግባ። ቡድሃ እንዲህ ያስተምራል፦ ሰው ሕመም ሲደርስበት በቀስት እንደተወጋ ነው። በሕመሙ ላይ ሲብሰለሰልና ሲማረር ደግሞ በሁለተኛ ቀስት ይወጋል። የመጀመሪያው ለማንም አይቀርም፤ አስተዋዩም ያመዋል። ሁለተኛው ግን አያገኘውም።

ይህን ሳነብ አጎቴ ናቸው ትዝ ያሉኝ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ካለ፣ እዚህ ደጋው ላይ ገበሬ እንቅልፍ የለውም። ውርጭ ነዋ! አንድ ጠዋት አብረን ወደ ባቄላው ወረድን። ቅጠሉ ላይ አመዳዩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ፀሐይ ሲነካው ጠወለገ፣ ቆይቶ ጠቆረ። አጎቴ አንድ እሸት ቀጠፉ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈለቀቁት፣ ፍሬውን ጨመቅ አደረጉት። ውሃ ነው። «በቃ፣ ይሄ ሄዷል። ለከብቶቹ ይታጨድ» አሉና ማጭድ አስመጡ። አላዘኑም እንዳትሉ፤ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ግን «የማን ዓይን ነው?» አላሉም፣ «ምን በድዬ?» አላሉም። ባቄላው ነው የተቃጠለው፤ እሳቸው አብረው አልተቃጠሉም።

ከተማ ውስጥም ያው ነው። አከራይ ድንገት ኪራይ ይጨምራል። ብሩ ያማል፣ እውነት ነው። ሌሊቱን የሚነሳን ግን «ንቆኝ እኮ ነው፣ እኔ መቼም አይሳካልኝ» የሚለው ነው። እኔ እንዲህ ሲመጣብኝ ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ የሆነውን ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ፦ ኪራይ ጨመረ። ከዚያ ወይ መደራደር ነው፣ ወይ ሌላ ቤት መፈለግ። ብሩን አይቀንሰውም፤ ሌሊቱን ግን ይመልስልኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ትምህርት ልቅሶ ቤት ይዛችሁ አትሂዱ። ልጇን ለቀበረች እናት «ሁለተኛው ቀስት ያንቺ ነው» ማለት ጭካኔ ነው። ኪሳ ጎታሚ የምትባል እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ መድኃኒት ፍለጋ ስትመጣ ቡድሃ አልገሠጻትም። ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ሰናፍጭ ለምነሽ አምጪ አላት። ሰናፍጩ በየቤቱ አለ፤ ሞት ያልገባበት ቤት ግን አጣች። በየደጁ የሌላውን ሐዘን ስትሰማ ቆይታ ልጇን ለመቅበር በቃች። እኛ ዘንድ ደግሞ እሷ መዞር አይጠበቅባትም። የእድሩ ሰው ንፍሮውን ይዞ ራሱ ይመጣል፣ አጠገቧ ይቀመጣል፣ የራሱንም ሟች እያነሳ አብሯት ያለቅሳል።