ለሌሊቱ ሰማይ አዲስ ሙዚቃ እናስደርስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራንና ክቡራት እንግዶቻችን፣ ለዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ዘንድሮ የሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ ሐሳብ ይዞላችሁ ቀርቧል፤ የሌሊቱን ሰማይ መነሻ ያደረገ አዲስ የቻምበር ሙዚቃ እናስደርስ የሚል ነው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ቫዮሊንና ቼሎ፤ አራት ተጫዋች ብቻ።

«ሰማይን ለሚያክል ነገር ኦርኬስትራ አይሻልም ወይ?» ያላችሁን አላችሁ። ተወያይተንበታል። አራት ሰው ሲጫወት የእያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይሰማል፤ ዝምታውም ይሰማል። ደግሞም ጅማ ላይ አለማምደን ደጋግመን ልናቀርበው የምንችለው እንዲህ ያለውን ነው። አንዴ ተጫውተነው መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ኖታ አንፈልግም።

ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። ስለዚህ ጥር ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ከፍ ያለ ቦታ የቆመ ሰው የሰሜን ኮከብን ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ ፊቱን ሲያዞር የደቡብ መስቀልን ያያል። የአውሮፓ የሙዚቃ ደራሲዎች ስለ ሌሊት ብዙ ጽፈዋል፤ የደቡብ መስቀልን ግን ከደጃቸው ሆነው አያዩትም።

ደራሲው የሚነሳበት ዕውቀትም በአገራችን አለ። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃን ከከዋክብት ጋር እያስተያዩ ዘመን ይቆጥራሉ። የቀን ስሞቻቸው 27 ናቸው፤ የጨረቃ ወር ግን 29 ወይም 30 ቀን ነው። ስሞቹ ቀድመው አልቀው እንደገና ይጀምራሉ፤ ተከታዩም ወር በሌላ ስም ይገባል። ምት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ እጁ ይነሳል! ማሲንቆው በ27፣ ቼሎው በ29 ምት ቢዞሩ፣ አብረው ጀምረው እንደገና አብረው የሚነሱት ከ783 ምት በኋላ ነው። ኮከብን በቃጭል ማስመሰልማ ቀላል ነው፤ እኔ በግሌ እንዲያ ያለ ሥራ ባይመጣልን እመርጣለሁ።

በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተሻገሩት የበረራ ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ ሙዚቃ ወሰዳቸው፤ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አዋሕደው ለዓለም አሰሙ። ዛሬም ጆሮ ያላቸው ወጣቶች አሉን። «ለአገር ብለህ ጻፍልን» ብለን በነጻ ልናሠራቸው አይገባም። ግማሹ ክፍያ ውሉ ሲፈረም፣ ግማሹ ኖታው ሲረከብ ይሰጥ፤ የቅጂ መብቱ የደራሲው መሆኑም በውሉ ይጻፍ። የልምምዱም ወጪ ከአሁኑ ይያዝ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና።

ደራሲው አንዲት ኖታ ከመጻፉ በፊት ጅማ መጥቶ ሌሊቶችን ውጭ እንዲያሳልፍ እንጠይቃለን፤ ከተጫዋቾቹም ጋር እዚሁ ይገናኛል። ከከተማው መብራት ራቅ ያለ ቤት ያላችሁና እንግዳ ለመቀበል የምትፈቅዱ አባላት፣ በሻይ ሰዓት ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡልን። ሐሳቡ ከሰዓት በኋላ ለድምፅ ይቀርባል፤ ጉባኤውን ከፍቻለሁ።