ምጣዱ አለ፣ ማገዶውን ማን ይግዛ?

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ በጀት ነው። ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትዘጉት! የአራስ ቤት በጀት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አራስ ቤት ገብታ እናትና ሕፃን ታያለች። ይሄ ጉብኝት ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው? በቃ፣ ጥያቄው ይኼው ነው።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ምጣድ እናውራ።

(ምስል፦ ምድጃ ላይ የተጣደ ምጣድ)

አያቴ ምጣዳቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት። ልጅ አጠገቡ ድርሽ አይልም። ጎመን ዘር ይበትኑበታል፣ በማሰሻ ያሻሉ፣ ደግመው ያሻሉ። ምጣድ ካልታሰሰ እንጀራው አይነሳማ! አንድ ክረምት ታዲያ ምጣዱ ታስሶ ቁጭ ብሏል። ሊጡ ኩፍ ብሏል። አክንባሎው ዝግጁ ነው። ማገዶው ግን ዝናብ መትቶታል። እፍ! እፍ! ዓይናችን እስኪቀላ እፍ አልን። ቤቱ ጭስ በጭስ፣ እንጀራ የለም። ማታ ከጎረቤት አራት እንጀራ ተበደርን። ያን ብድር አያቴ እስከ መስቀል ድረስ ሲያነሱት ነበር።

አሁን ስሙኝ። ደሞዝ ምጣድ ነው። ማሰሻው ሥልጠና ነው። ማገዶውስ? የሞተር ሳይክል ሒሳብ፣ ጓንት፣ አሞክሳሲሊን፣ የቤተሰብ ቅጽ፣ የሞባይል ካርድ። አገራችን ምጣዱን ገዝታለች። የምትቸገረው ማገዶው ላይ ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልበለው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጀመረ (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በገጠር ለአንድ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ፣ ሁለት ሠራተኛ፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ። ገንዘቡ ከፌዴራል በድጎማ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል። ደሞዙን ወረዳው ይከፍላል። ክትባትና መድኃኒት ላይ እነ ጋቪና ግሎባል ፈንድ የሚባሉት ዓለም አቀፍ ረጂዎች አሉበት። አለቀ።

አላለቀም! ባለፈው ቪዲዮ ላይ ስንቶቻችሁ ናችሁ «ደሞዛቸውን ፈረንጅ ነው የሚከፍለው» ያላችሁኝ? ሌላው ደግሞ «ኧረ በነፃ ነው የሚሠሩት» ይለኛል። ሁለታችሁም ተቀመጡ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ተቀጥራለች፣ ደሞዝተኛ ናት። በነፃ የሚሠሩት የሴቶች ልማት ሠራዊት የሚባሉት የመንደር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ለአምስት ትዝ ይላችኋል? እነሱ። ነፍሰ ጡሯን ቀድመው የሚያውቋት፣ «እገሊት ምጧ መጥቷል» ብለው የሚሮጡት እነሱ ናቸው። ደሞዝ የላቸውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ነውር ነው። ስብሰባ ላይ ጭብጨባ ይሰጣቸዋል፣ ጭብጨባ ደግሞ ዘይት አይገዛም።

የፈረንጁ ነገርስ? በ2025 መጀመሪያ በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ውል ተቋርጧል። እነሱ የኮንትራት ሠራተኞች ነበሩ። የቀበሌዋ ኤክስቴንሽን ግን ወረዳው ደሞዝ መዝገብ ላይ ናት። እርዳታ ሲቀር እሷ ሥራ ላይ ትቆያለች፣ ከእጇ የሚጠፋው መድኃኒቱ ነው። ምጣድና ማገዶ አላልኳችሁም? (ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አንዷን ነካ አድርጉልኝ። የእኔም ማገዶ እሷ ናት።)

ለምን እንደምጨቃጨቅ ልንገራችሁ። በ2019ኙ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 48 በመቶ የሚሆነው ወሊድ በጤና ተቋም ነበር። በ2011 ግን 10 በመቶ ብቻ ነበር። ትልቅ ለውጥ ነው። ከወለዱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች ግን 34 በመቶ ናቸው። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሕፃናትስ? በ2016 ከ1,000 ሕፃናት 29፣ በ2019 ደግሞ 33። ማዋለዱ ላይ በረታን፣ አራስ ቤቱን ዘነጋን። በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። መሄድ ደግሞ ወጪ አለው።

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ ወልዳ ገጠር ሄጄ ነበር። ቤቱ የገንፎ ሽታ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው በሽ ነው። ኤክስቴንሽኗ መጣች፣ መንደርተኛው «ዶክተሯ» ነው የሚላት። ጭቃ የያዘ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። እጇን ታጠበች። «እስቲ ዝም በሉልኝ» አለች። ስልኳን አውጥታ የሕፃኑን ሆድ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረች። በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ ነው። ያ ሁሉ ሴት ትንፋሹን ዋጠ።

«አርባ ስምንት። ደህና ነው።»

ያኔ ነው እልልታው የቀለጠው። እሷ ግን ቅጽ አልቆባታል፣ ቁጥሩን አሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችው። ስትወጣ በምን እንደመጣች ጠየቅኳት። በሞተር ሳይክል። ማን ከፈለ ስላት ሳቀች። «ከደሞዜ ነዋ፣ ማን ይከፍልልኛል?»