ውሃው አይሳሳም፦ ለጅማ ከፍታ የሚሆን የውሃ አውሮፕላን በሲሙሌተር መንደፍ

[ማያ ላይ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ፤ ከመንገዱ ዳር የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ]

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በአውቶቡስ የሚመጣ መንገደኛ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት የግልገል ጊቤን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሳያይ አያልፍም። ውሃው የተጠራቀመው ለመብራት ነው፤ የመጀመሪያው የግልገል ጊቤ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። እኔ ግን በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ውሃው ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ በሐሳቤ ይታየኛል። ይህን ሐሳብ ለመፈተን ሁለት ሰው የሚይዝ አነስተኛ የውሃ አውሮፕላን በኮምፒውተር ነድፌ ከዚሁ ሐይቅ ለማስነሳት ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ንድፍ ከውሃው አልተነሣም፤ ያልተነሣበት ምክንያት የዚህ ቪዲዮ ዋና ጉዳይ ነው።

የተጠቀምኩት ኤክስ-ፕሌን የተባለውን ሲሙሌተርና አብሮት የሚመጣውን ፕሌን ሜከር የተሰኘ የመንደፊያ ፕሮግራም ነው። ኤክስ-ፕሌን ክንፉን፣ ጭራውንና ፕሮፔለሩን ወደ ትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ አየሩ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚያሳድረውን ኃይል በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ያሰላል፤ በመሆኑም የክንፉን ስፋት ብትጨምሩ ወይም የፕሮፔለሩን ጥምዝ (የምላጮቹን ማዘንበል) ብትቀንሱ፣ ሌላ ምንም ሳትነኩ፣ አበራረሩ አብሮ ይለወጣል። ለነዳፊ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

[ማያ ላይ፦ የአውሮፕላኑ የጎን ንድፍ፤ ከሥሩ ሁለት ተንሳፋፊዎች]

መነሻ ያደረግኩት ክብደቱን ነው። በአሜሪካ ለቀላል የስፖርት አውሮፕላኖች ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ጣሪያ ከውሃ ለሚነሡት 650 ኪሎ ግራም ስለነበረ እኔም እሱን ወሰድኩ። 650 ኪሎ የሚመዝን ነገር ጨው የሌለው ውሃ ላይ ለመንሳፈፍ 650 ሊትር ውሃ መግፋት አለበት። ነገር ግን ተንሳፋፊው ልክ በክብደቱ መጠን ብቻ ከተሠራ ትንሽ ማዕበል ይውጠዋል፤ ስለዚህ በዚያው አገር የአነስተኛ አውሮፕላኖች ደንብ ሲጠየቅ የቆየው የ80 በመቶ ትርፍ ይጨመርበታል። ድምሩ 1,170 ሊትር ይሆናል፤ ለአንዱ ተንሳፋፊ 585 ሊትር ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 20 ሊትር የሚይዙ 29 ቢጫ ጀሪካኖች ጎን ለጎን ተደርድረው ብታስቡ የአንዱን ተንሳፋፊ መጠን በዓይነ ኅሊናችሁ ታገኙታላችሁ። ውስጡም ውሃ በማያስተላልፉ ግድግዳዎች ቢያንስ በአራት መከፈል አለበት፤ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ሌሎቹ እንዲሸከሙት።

ቀጥሎ ያለው የተንሳፋፊው ሆድ ቅርጽ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ነዳፊዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጅማ ከአንድ ግንድ በሚፈለፈል በርጩማዋ የምትታወቅ ከተማ ናትና፣ አንድ አዛውንት እንጨት ሠሪ ዘንድ ሄጄ ክንድ የምታህል የተንሳፋፊ ሞዴል ከዋንዛ አስጠረብኩ። ሆዱን እንደ እንቁላል አለስልሰው ሰጡኝ። ከመሐሉ ትንሽ ወደ ኋላ በአግድም እንዲቆርጡትና የኋለኛው ግማሽ ከፊተኛው ከፍ ብሎ እርከን እንዲሠራ ስጠይቃቸው፣ በአውራ ጣታቸው ሆዱን እየዳሰሱ «ልጄ፣ እንዲህ የለሰለሰውን ለምን ታበላሸዋለህ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር።

[ማያ ላይ፦ በቀጭኑ የሚወርድ የቧንቧ ውሃ፤ በጫፉ በሁለት ጣት የተያዘ ማንኪያ]

መልሱን በቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ማንኪያ በጫፉ ላላ አድርጋችሁ ያዙና ጀርባውን ወደሚወርደው የቧንቧ ውሃ ቀስ ብላችሁ አስጠጉት። ውሃው ይገፋዋል ብላችሁ ስትጠብቁ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ የሚፈሰው ውሃ በጎበጠው ጀርባ ላይ ተጣብቆ ስለሚታጠፍ ማንኪያው ወደ ውሃው ይሄዳል። ለስላሳና ጎባጣ ሆድ ያለው ተንሳፋፊም በፍጥነት ሲሄድ የሚደርስበት ይኸው ነው፤ ውሃው ጭራውን ይዞ አይለቅም። እርከኑ የውሃውን ፍሰት በአንድ መስመር ላይ ይቆርጠዋል፣ ከኋላው አየር ይገባል፣ ተንሳፋፊውም በፊተኛው ሆዱ ብቻ በውሃው ገጽ ላይ ይንሸራተታል። ግሌን ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1912 ጀልባ መሳይ አውሮፕላኑ ከውሃው አልላቀቅ ብሎ ባስቸገረው ጊዜ መፍትሔ ያገኘው በዚሁ እርከን ነው። ቦታው ከአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል ጥቂት ወደ ኋላ መሆን አለበት። ወደ ፊት ከቀደመ አፍንጫው ያለ ልክ ሽቅብ እየተነሣ ያስቸግራል፤ በጣም ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ አብራሪው አፍንጫውን ለመነሻ ቀና ማድረግ ያቅተዋል።

እንጨት ሠሪው ሞዴሉን ሳፋ ውስጥ በክር ስጎትተው፣ ከእርከኑ በስተኋላ ያለው እንጨት ከውሃው ሲላቀቅ ካዩ በኋላ የቀረውን እርከን ራሳቸው አስተካክለው ቆረጡት።

[ማያ ላይ፦ ሲሙሌተር፤ የጅቡቲ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም የግልገል ጊቤ ሐይቅ]

አሁን ወደ በረራው እንሂድ። ክንፉ 13 ካሬ ሜትር፣ ሞተሩ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሮታክስ 912 ዩ.ኤል.ኤስ. ነበር። መጀመሪያ ጅቡቲ ዳርቻ ላይ፣ የሲሙሌተሩን የአየር ሙቀት 15 ዲግሪ አድርጌ ሞከርኩት፤ ያለ ችግር ተነሣ። ከዚያ ያንኑ ፋይል ወደ ግልገል ጊቤ ወሰድኩት፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ አደረግኩት። ነዳጅ ሙሉ ሰጥቼ መሪውን ወደ ራሴ ሳብኩ። አፍንጫው ሽቅብ ቀና አለ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደረሰ፣ ከዚያ ወዲያ አልሄድም አለ። አውሮፕላኑ በራሱ ሞገድ ጀርባ፣ ማለትም «ጉብታው» ላይ፣ ለመውጣት እየታገለ የሐይቁን ግማሽ ጨረሰ።

በዚያ ከፍታና ሙቀት የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ መጠን 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ አየር የሚሰጠው ከ76 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይበልጥም። ክንፉም ክብደቱን ለመሸከም የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት፣ በእኔ ስሌት፣ ከ78 ወደ 88 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያድጋል። እስከዚህ ድረስ ከጅማ አስፋልት ለሚነሣ አውሮፕላንም እውነት ነው። የውሃው ነገር ግን ይለያል፦ አየሩ ሲሳሳ ውሃው አይሳሳም። በ35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ውሃው ተንሳፋፊውን የሚጎትትበት ኃይል ጅቡቲም ሆነ ግልገል ጊቤ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የሚጎትተውን የሚያሸንፈው ሞተር ግን ደክሟል። በመንኮራኩር የሚነሣ አውሮፕላን በከፍታ ቦታ መንደርደሪያው ይረዝምበታል እንጂ መሄዱን አያቆምም። የውሃ አውሮፕላን ግን ጉብታው ላይ ከቀረ ሐይቁ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ቢረዝምም አይነሣም።

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ክንፉን ማስፋት ነው፤ የእኔም እሱ ነበር። ዝቅተኛ ፍጥነቱን ወደ 78 ለመመለስ 16.5 ካሬ ሜትር ክንፍ ያስፈልጋል። ነገር ግን በ35 ኪሎ ሜትር ላይ ክንፍ የሚሸከመው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጉብታውን ለማለፍ አይረዳም። ጉብታው የሚታለፈው በፕሮፔለር ግፊት ነው። ስለዚህ ፕሮፔለሩን በዲያሜትር አሳድጌ ጥምዙን ቀነስኩ፤ በጉዞ ፍጥነት ላይ ያጣሁት አለ፣ ግን ከውሃው ያልወጣ አውሮፕላን የጉዞ ፍጥነት አያስፈልገውም። ሞተሩንም በከፍታ ጉልበቱን በሚጠብቀው ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሮታክስ 914 ተርቦ ተካሁት። ክንፉን በ15 ካሬ ሜትር ላይ ወሰንኩ፤ ዝቅተኛ ፍጥነቱ 82 ኪሎ ሜትር ሆነ።

[ማያ ላይ፦ ሁለተኛው ሙከራ፤ አውሮፕላኑ ጉብታውን አልፎ በእርከኑ ላይ ሲንሸራተት]

በዚህ ጊዜ ጉብታውን አለፈ። እርከኑ ላይ እንደወጣ ግን አፍንጫው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ መሪውን በየተራ እየገፋሁና እየሳብኩ ላስቆመው ስሞክር ባሰበት። እጅ ከውዝዋዜው ጋር ሲሽቀዳደም ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ውዝዋዜውን ያጎላዋል። ትክክለኛው እርምጃ ገና ሲጀምር መሪውን በመጠኑ ሳብ አድርጎ መያዝ፣ ካልቆመ ደግሞ ጉልበቱን ቀንሶ አውሮፕላኑ ውሃው ላይ እንዲረጋ መተው ነው። በሦስተኛው ሙከራ አውሮፕላኑን በአንድ የአፍንጫ ማዕዘን አጽንቼ ያዝኩት፤ ተነሣ።

እዚህ ላይ ሲሙሌተሩን ምን ያህል ማመን እንደሚገባ መናገር አለብኝ። በክንፍና በፕሮፔለር ረገድ የሚሰጠኝን ውጤት በስሌት አመሳክሬ አምነዋለሁ። ውሃው ላይ ለሚፈጀው ርቀት ግን ያን ያህል እምነት አልሰጥም፤ ወደ ፕሮፔለሩ የሚረጨው ውሃ ጠርዙን ሲበላው፣ ተንሳፋፊውን የያዙት ዘንጎች በማዕበል ሲመቱ አያሳየኝም። በበጋ ውሃው ሸሽቶ የሚገለጠውን ደለልም፣ ጉማሬውንም አያውቅም።

[ማያ ላይ፦ ንጋት፤ ነፋስ የሌለበት መስታወት የመሰለ ውሃ]

የመጨረሻው ሙከራ ማረፍ ነበር፤ ሆን ብዬ ነፋሱን ዜሮ፣ ማዕበሉንም ዜሮ አደረግኩ። ለዓይን የሚያምረው ይህ ውሃ ለአብራሪ አስቸጋሪው ነው፣ ገጹ ሰማዩን ብቻ ስለሚያሳይ ከፍታን በዓይን መገመት አይቻልም። ስለዚህ በዓይን መፈለጉን ትቼ፣ አፍንጫውን ጥቂት ቀና አድርጌ፣ በደቂቃ ከ150 ጫማ በማይበልጥ አወራረድ ሞተሩን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። መቼ እንደምነካው አላወቅኩም ነበር። ከተንሳፋፊዎቹ ኋላ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ሲሰመሩ ነው ማረፌን ያየሁት፤ ያኔ ነዳጁን ቀነስኩ፣ መሪውን ወደ ራሴ ሳብኩ፣ የውሃ መሪዎቹን አውርጄ ወደ ዳር ዞርኩ።